የጋሽ ንጉሤ አሥራ ሁለት ባልዲዎች

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ግሪንሃውሱ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እሌኒ፣ የእርሻው ፈቃድ በስሟ የወጣው፣ ከሮዝዌል በቀጥታ ከአዳር ሥራ መጥታ፣ የነርስ ጫማዋን ሳትቀይር። አብዱ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ባዶ ባልዲ ይዞ። ካይል የሚባለው ናሙና ወሳጅ ልጅ፣ በሩ አጠገብ፣ ወረቀት ይዞ። የመፍጫ ማሽኑን ያከራየን ሰውዬ፣ ስሙን ማናችንም ያልጠየቅነው፣ ውጭ ባቆመው ፒክአፕ ውስጥ በሩን ከፍቶ ተቀምጦ። እኔ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ። እና ጋሽ ንጉሤ፣ መሀል ላይ፣ ከማሽኑ አፍ አንድ እርምጃ ርቀው፣ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው። ስድስት ሰው። ሌላ አልነበረም።

ጋሽ ንጉሤ ባለፈው ወር አረፉ። ዜናውን ያመጣችው እሌኒ ናት፤ አራታችን በነበርንበት የስልክ ግሩፕ ላይ ጻፈችው። ግሩፑ ላይ ማንም ከጻፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነበር። ከእሷ መልእክት በላይ ያለው የመጨረሻው ጽሑፍ የራሳቸው የጋሽ ንጉሤ ነው፦ «የፋኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» ይላል። ማንም አልመለሰላቸውም። ቁልፉ እኔ ጋ ነበር፤ ሄጄ በእጃቸው ስለሰጠኋቸው መጻፍ አላስፈለገኝም።

መልእክቱን ያነበብኩት ሥራ ላይ ነው። ስልኩን ኪሴ መለስኩና የቀረኝን ሠራሁ። ወደ ቤት ስነዳ ከአውራ ጎዳናው መውጫዬን አልሳትኩም። እራቴንም በላሁ። ሐዘን ቤቱ ስሄድ የማጠፊያ ወንበሮቹን ቆጠርኩ፤ አርባ አንድ ነበሩ፣ ዘጠኙ ባዶ። የሚያለቅሱ ሰዎች ነበሩ። እኔ ወንበር ስቆጥር ነበር።

አራታችን የተዋወቅነው አትላንታ ኤርፖርት አካባቢ ባለ አንድ የመኪና ማቆሚያ ነው። ጋሽ ንጉሤ መግቢያው ላይ ባለችው የመስታወት ክፍል ውስጥ ይሠሩ ነበር። አብዱ ወደ ጭነት መኪና ከመዛወሩ በፊት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳ ነበር። እኔ ካሜራና መብራት እጠግናለሁ፤ ሙያውን የተማርኩት ከማኑዋልና ከቪዲዮ ነው። እሌኒን ያስተዋወቀን አብዱ ነው፤ ሮዝዌል ቤት ገዝታ ከመሄዷ በፊት ጎረቤቱ ነበረች። ሐሳቡም የእሷ ነው። ሎረንስቪልን አለፍ ብሎ አበባ ይሸጥበት የነበረ ግሪንሃውስ ተዘግቶ ለኪራይ ወጥቶ ነበር። «ሄምፕ እንዝራ» አለች።

ሄምፕ ካናቢስ ነው። ተክሉ አንድ ነው፤ ቅጠሉም፣ ሽታውም። የሚለየው በውስጡ ያለው የሚያሰክር ነገር መጠን ብቻ ነው። ከመቶ ዜሮ ነጥብ ሦስት ካላለፈ ፈቃድ ያለው ሰው የሚያርሰው ሰብል ነው። ካለፈ ሐሺሽ ነው፣ ተፈጭቶ ይቀበራል። ስለዚህ ከአጨዳ በፊት ናሙና ተወስዶ ይመረመራል።

ጋሽ ንጉሤ ይህን ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «የሚለካው በምንድን ነው?»

«ላብራቶሪ አለ» አለች እሌኒ።

«የሚለካ ከሆነ እገባለሁ» አሉ።

አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ቤት ለቤት እየዞሩ፣ የግቢ በር እያንኳኩ፣ ተንበርክከው ክዳኑን ከፍተው ቁጥሩን ይጽፋሉ። የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ ነበር፣ ሰማያዊና ቀይ። በሰማያዊው ያነበቡትን ይጽፋሉ። በሩ ተቆልፎ፣ ሰው ጠፍቶ፣ ሳያነቡ የተመለሱ እንደሆነ በቀዩ «ዝግ» ብለው ይጽፋሉ። አለቃቸው «ያለፈውን ወር አይተህ ገምተህ ሙላው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» ይሏቸው ነበር አሉ። «አንባቢ አይገምትም» ብለው መለሱ። በዚህ ምክንያት ዕድገት ሁለት ጊዜ አልፏቸዋል። ይህን የነገሩኝ ስለ አየሩ እንደሚያወሩ ሆነው ነው።

ልማዱ አብሯቸው አትላንታ መጥቷል። አቮንዴል እስቴትስ ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ስለነበር ማክሰኞና ቅዳሜ በመኪናዬ አብረን እንሄድ ነበር። ገብተው ቀበቶ ሳያስሩ ወደ ዳሽቦርዱ ጎንበስ ብለው ማይሉን ያነባሉ። ስንደርስም ያነባሉ። አንድ ቀን «ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«መንገዱ ተለውጦ እንደሆነ» አሉ።

«መንገድ ይለወጣል እንዴ፣ ጋሽ ንጉሤ?»

«እስካሁን አልተለወጠም።»

እንዲህ ነበሩ። አይቀልዱም፣ አይቆጡም። «እንዴት ዋሉ?» ሲባሉ ወዲያው «ደኅና» አይሉም፤ ቆም ብለው ውሏቸውን የሚያዩ ይመስላሉ። ሳቅ ሲመጣባቸው ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ድምፅ የለውም።

በመጀመሪያው ክረምት ሻጋታ ገባብን። የጆርጂያ ሙቀት እርጥብ ነው፤ የግሪንሃውሱ ወለል ደግሞ ውሃ አይመጥጥም ነበር። ከታች ያሉት ቅጠሎች ግራጫ እየሆኑ ረገፉ። ፋን ጨመርኩ፣ የውሃውን ሰዓት ቀነስኩ፣ ለውጥ አልመጣም። አራታችን ቆመን ስናይ ጋሽ ንጉሤ፣ «ከወለሉ ነው የሚመጣው። ከወለሉ ብናርቀውስ?» አሉ።

«ጠረጴዛ ላይ ልናወጣው?» አለች እሌኒ።

«አይደለም። እንስቀለው። ሥሩን ላይ፣ ራሱን ታች።»

አብዱ ሳቁ መጣበት። «ጋሽዬ፣ ተክሉ ምን አጠፋ? ፍርድ ቤት እንኳ ሳይቀርብ?»

«አሥራ ሁለት ብቻ» አሉ። «ጥግ ላይ። እንየው።»

«እኛንም አብረው ይስቀሉን፣ የወገብ ሕመሜ ይሻለኝ እንደሆነ።»

«አንተ አሥራ ሦስተኛ ትሆናለህ» አሉ ጋሽ ንጉሤ፣ ትከሻቸው እየተንቀሳቀሰ።

አሥራ ሁለት ነጭ ባልዲ አመጡ። የእያንዳንዱን ቂጥ እኔ በመሰርሰሪያ በሳሁ፣ አምስት ሴንቲሜትር። ችግኙን በቀዳዳው ወደ ታች አሳልፈው፣ አንገቱን በስፖንጅ ጠቅልለው፣ አፈሩን ከላይ ሞሉ። ባልዲዎቹን በሰሜን በኩል ባለው ጥግ ከጣሪያው ብረት አንጠለጠልናቸው። በቀይ ቀለም ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር ጻፉባቸው። ውሃው ከላይ ገብቶ በሥሩ አልፎ በግንዱ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ቅጠሉ ከወለሉ አንድ ሜትር ከሃያ ርቆ ተንጠልጥሏል። ከሩቅ ሲታይ አሥራ ሁለት አረንጓዴ ጭራ ይመስላል።

በሦስተኛው ቀን ስንመጣ ጫፋቸው ሁሉ ወደ ላይ ታጥፏል። ግንዱ ወደ ታች ወርዶ፣ ዞሮ፣ ወደ ባልዲው ተመልሶ ይወጣል። የጃንጥላ እጀታ ማለት ነው። ጋሽ ንጉሤ ሜትር አውጥተው ለኩ፤ ከባልዲው እስከ መታጠፊያው፣ ከመታጠፊያው እስከ ጫፉ። በሰማያዊ ጻፉ።

«ብርሃን ፈልጎ ነው» አለ አብዱ።

መብራቱን ወደ ወለሉ አወረድኩ፣ ከላይ በጥቁር ላስቲክ ሸፈንን። አሁን ብርሃኑ ከታች ነው። ጫፎቹ እንደገና ወደ ላይ ሄዱ፣ ወደ ጨለማው። ጋሽ ንጉሤ ላስቲኩን ገልጠው ረጅም ጊዜ አዩ።

«ብርሃኑ ከታች ነው» አሉ። «ውሃውም በራሱ ይወርድለታል። ላይ ምን አለው?»

ያነበብኩትን ነገርኳቸው። በተክሉ ውስጥ የምድርን ስበት የሚያውቁ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉ፤ እንደ ጠጠር ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ተክሉ በእነሱ ታች የትኛው እንደሆነ ያውቃል፣ ከዚያ ተቃራኒውን ይሄዳል። በጥሞና ሰሙኝ። እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ለሁሉም እንደዚያ መሆኑን እስካይ ግን አልጽፈውም።»

ለሁሉም እንደዚያ አልነበረም። ሰባተኛዋ ባልዲ ላይ ያለችው ጫፏን ወደ ላይ አላወጣችም። ከጎን እኩል ድረስ መጣችና ቆመች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ወለሉን እያየች ሳይሆን ጣሪያውንም እያየች ሳይሆን ግድግዳውን እያየች ቆየች። ከሌሎቹ ትቀጥን ነበር፣ ግን ሻጋታ አልነካትም። ጋሽ ንጉሤ ስለ እሷ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። «ሰባት ገና አልወሰነችም» ይላሉ። የሚጠብቁት አበባዋን ነው። አበባ ሲከብዳት ትወርዳለች ወይስ ትዞራለች? ይህን ማወቅ ፈለጉ። ከሻጋታው ጋር የጀመረው ነገር ከሻጋታው ወጥቶ ይህች ጥያቄ ብቻ ሆነ። ማክሰኞ ከመኪናዬ ሲወርዱ ለማንም ሰላም ሳይሉ በቀጥታ ወደ ጥጉ ነበር የሚሄዱት። በዚያ ዕድሜያቸው እንደዚያ ሲፈጥኑ ሌላ ቦታ አይቻቸው አላውቅም።

ናሙናው የሚወሰድበት ቀን ደረሰ። ማክሰኞ ከሰዓት ነበር፣ ሙቀቱ ፊት የሚያቃጥል። ካይል መጣ፤ ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ጋሽ ንጉሤ ወንበር አቀረቡለት። ቀዝቃዛ ውሃ አመጡለት። ከቤታቸው የያዙትን ማንጎ ልጠው፣ ቆራርጠው፣ በሳህን አቀረቡ። ካይል በላ። «ቴንክ ዩ፣ ሰር» አለ።

ከዚያ ጋሽ ንጉሤ መቀሱን ይዘው በደቡብ በር በኩል ወዳለው የመጀመሪያ መስመር ሄዱ። እዚያ ያሉት ፀሐይ የጠገቡ፣ ቀድመው ያበቡ፣ ከሁሉ የወፈሩ ናቸው። አንድ በአንድ እየመረጡ የላዩን ጫፍ ቆርጠው ወደ ካይል ከረጢት አስገቡ።

«ዚስ ዋን ጉድ» አሉት። «ቴክ። ዚስ ዋን ቬሪ ጉድ።»

የናሙና አወሳሰድ መመሪያው አራት ገጽ ነው። ታጥፎ ኋላ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ናሙና ወሳጁ ራሱ ይቆርጣል ይላል። ከሁሉም መስመር፣ ሳይመርጥ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተክሉ በበሰለ ቁጥር የሚያሰክረው ነገር ይጨምራል። አፌን ከፈትኩ። እሌኒ አየችኝ። ካይል አፉን በእጁ እየጠረገ ቆሟል። ጋሽ ንጉሤ እንግዳቸው ፊት መቀስ ይዘው ነበር። አፌን ዘጋሁ።

ውጤቱ በኢሜይል መጣ። ዜሮ ነጥብ አራት አንድ።

ማራገቢያዎቹ ስር ቆመን አብዱ መጮህ ጀመረ። «ይኼ ዝቅዝቅ ነገር ነው! ተክሉን አስጨንቀውት ነው መርዙን የጨመረው! ጤነኛ ሰው ተክል ይሰቅላል?»

«አብዱ» አለች እሌኒ።

«ምን አብዱ ትይኛለሽ? ፈቃዱ ያንቺ ነው፣ አንቺ ነሽ የምትጠየቂው!»

አሥራ ሁለቱ አልተቆረጡም ነበር። ከእነሱ አንድም ቅጠል ወደ ካይል ከረጢት አልገባም። ይህን አውቅ ነበር፤ መናገርም እችል ነበር። ጋሽ ንጉሤ ቀደሙኝ።

«ናሙናውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ከፊት መስመር ሰጠሁት። ከወፍራሙ።»

«ለምን፣ ጋሽ ንጉሤ?» አላቸው አብዱ በቀስታ።

«እንግዳ ነዋ» አሉ።

ፋኖቹ ይሠራሉ። እሌኒ ግንባሯን ይዛ ነበር፤ የምታለቅስ መስሎኝ ሳያት እየሳቀች ነው፣ ከዚያ ሳቋ ቆመ። ከአራታችን ማናችንም ብንሆን፣ ለእንግዳ ከጥግ ያለውን የቀጨጨውን ቆርጠን አንሰጥም ነበር። የቤታችን ደንብ ይኼው ነው፤ ቆጣሪ አንባቢውም ቁጥር ሳያዛቡ የኖሩት በወረቀት ላይ እንጂ በእንግዳ ፊት አልነበረም።

ወደ አቮንዴል ስንመለስ መመሪያውን አንብቤው እንደነበር ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም።

«አይቼሃለሁ» አሉ። «አፍህን ከፍተህ ዘጋህ።»

«እንግዳ ፊት እርስዎን ላርም አልቻልኩም።»

«እንግዲያው ሁለታችንም ያደረግነው አንድ ነገር ነው።» ትንሽ ቆይተው፣ «የጎማህን አየር ቼክ አድርገው፣ በቀኝ በኩል ይጎትታል» አሉ።

ሕጉ አንድ መውጫ ነበረው። ቦታው ላይ ያለውን ተክል በሙሉ፣ ግንዱን፣ ቅጠሉን፣ አበባውን አንድ ላይ ፈጭቶ አደባልቆ፣ ከድብልቁ እንደገና ናሙና ማስወሰድ። ወፍራሙ ከቀጭኑ ይደባለቃል፣ አማካዩ ይወርድ ይሆናል። ካለፈ ሰብሉ ይተርፋል፣ የእሌኒም ፈቃድ። ካላለፈ ሁሉም ይቀበራል። ግን በአንድ ቁጥር የተመዘገበ ተክል አንድም ሳይቀር መፈጨት አለበት። አሥራ ሁለቱ በዚያው ቁጥር ነው የተመዘገቡት። በሰኔ ለብቻ ብናስመዘግባቸው ኖሮ ይተርፉ ነበር። አላሰብኩትም። ወረቀቱን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

በዚያ ሳምንት ሰባት አበባ መያዝ ጀምራ ነበር። ሩዝ የሚያህል ነጭ ነገር ጫፏ ላይ። ጋሽ ንጉሤ መነጽራቸውን አውልቀው፣ አድርገው፣ አውልቀው አዩዋት። «አሥር ቀን» አሉ። «አሥር ቀን ብትቆይ እናውቅ ነበር።»

መፍጫው የሚመጣው ቅዳሜ ነበር፤ አራት ቀን ቀርቷል።

ዓርብ ከሰዓት ሌላ ሰው ሳይኖር ብቻዬን ሄድኩ። የመብራቶቹን ሰዓት መቆጣጠሪያ ልፈታ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሰባተኛዋን ባልዲ ከብረቱ አወረድኳት፣ ጫፏ እንዳይነካ በሁለት እጄ ይዤ ከውሃ ታንከሩ ኋላ አንጠለጠልኳት፣ ጆንያ ጣል አደረግኩባት። የተቀሩትን ባልዲዎች ክፍተቱ እንዳይታይ አጠጋጋኋቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። ምን እንደማደርጋት አላሰብኩም። አሥር ቀን ብቻ ነው ያሰብኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑ ተነሳ። ድምፁ ጥርስ ያንቀጠቅጥ ነበር። መስመሮቹን አንድ በአንድ እየቆረጥን ከተትን። የሚወጣው አረንጓዴ ብናኝ ሸራ ላይ ተከመረ። አራት ሰዓት ሲሆን የቀረው ጥጉ ብቻ ነበር። ሰውዬው ማሽኑን እንዲያጠፋው እሌኒ በእጇ ምልክት ሰጠችው። ጸጥ አለ።

አብዱ ወደ ጋሽ ንጉሤ ቀረበ። ከዚያ ጩኸቱ በኋላ ዓይናቸውን አላየም ነበር። «ጋሽዬ» አለ በአማርኛ፣ ካይልን በጎን እያየ። «አሥራ ሁለቱን መኪናዬ ላይ ልጫንልዎት። ሸራ አለኝ። ምን ይሆናሉ? ማን ይቆጥራቸዋል?»

«እኔ እቆጥራለሁ» አሉ።

ሄደው ቆጠሩ። በጣታቸው ሳይሆን ባልዲውን በመዳፋቸው እየነኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ አልተመለሱም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ።

«አሥራ አንድ ነው» አሉ። «ሰባት የለችም።»

እሌኒ አብዱን አየችው። አብዱ ሁለት እጁን አነሳ። «ወላሂ እኔ አይደለሁም!» ካይል ምን እንደሆነ ሳይገባው ፈገግ አለ። ጋሽ ንጉሤ ማን እንደሆነ አልጠየቁም። ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም። አንድ ባዶ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡበት፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው።

«እጠብቃለሁ» አሉ።

ሰውዬው ከፒክአፑ ሰዓቱን አየ። የሆነ ነገር በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ምን ያህል እንደቆየ አልለካሁም። ከታንከሩ ኋላ ሄድኩ። ጆንያውን አነሳሁ። ሰባትን በሁለት እጄ ይዤ መሀል ለመሀል መጣሁ።

ጋሽ ንጉሤ ተነሥተው ተቀበሉኝ። አልተቆጡም፣ አላመሰገኑም። ለአብዱ ሰጥተው ከፍ አድርጎ እንዲይዝላቸው አደረጉ። ሜትራቸውን አውጥተው ለኩ፤ ከባልዲው እስከ መታጠፊያው፣ ከመታጠፊያው እስከ ጫፉ። ጻፉ። ሰውዬው ማሽኑን አስነሳ። አሥራ አንዱን ራሳቸው እየቆረጡ ከተቱ። ሰባት መጨረሻ ነበረች። ከስፖንጁ በታች ቆረጧት፣ በመዳፋቸው ላይ አጋደሟት፣ ወደ ማሽኑ አፍ አቀረቧት፣ ከመልቀቃቸው በፊት አንድ ነገር ተናገሩ።

አልሰማሁትም። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እኔ ከማሽኑ ወዲያ ነበርኩ፣ ስድስት ሜትር ያህል። ከዚያ ለቀቋት።

ድብልቁ ዜሮ ነጥብ ሁለት ስምንት ሆነ። አለፈ። የእሌኒ ፈቃድም ተረፈ፣ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ማንም አልዘራም፤ ሁላችንም ወደ ሥራችን ተመለስን፣ ግሪንሃውሱን ሌላ ሰው ተከራየው። ጋሽ ንጉሤን ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ነው ያገኘኋቸው። በአንደኛው ቀን፣ ቤታቸው በረንዳ ላይ፣ ቲማቲም ወይም ሌላ ነገር እንደገና ለምን እንደማይሰቅሉ ጠየቅኳቸው። ባልዲ ላመጣላቸው ዝግጁ ነበርኩ።

«ቲማቲም ሌላ ቤት ነው» አሉ። «እኔ ሳላነበው የቀረኝ ያኛው ነው።»

ስለ ዓርቡ አንስተውብኝ አያውቁም። እኔም አላነሳሁም።

ሐዘን ቤቱ ውስጥ ልጃቸው ደብተሩን ሰጠችኝ። የተክል ነገር ስለሆነ ላንተ ይሁን አለችኝ። ቤቴ ወስጄ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ አሥራ ሁለት መስመር አለ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ፊት ርዝመቱ በሰማያዊ ተጽፏል፣ መጨረሻው ዓምድ ላይ ደግሞ ወዴት እንደሄደ። አሥራ አንዱ ላይ «ወደ ላይ ዞረ» ይላል። ሰባት ላይ ርዝመቷ በሰማያዊ አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ በቀይ «ዝግ»።

ይህን የምጽፈው ከላይ የጠራኋቸው ሰዎች እንዲያነቡት ነው። እሌኒ፣ አንቺ በግራቸው በኩል፣ ሁለት እርምጃ ርቀሽ ነበርሽ። አብዱ፣ ባዶውን ባልዲ ይዘህ ከፊታቸው ቆመህ ነበር፣ ከንፈራቸውን ከእኔ ይበልጥ አይተሃል። ካይል ቋንቋውን ባይሰማም ምናልባት በእንግሊዝኛ ተናግረውት ይሆናል፤ የካይል ስልክ ቁጥር አብዱ ጋ ያለ ይመስለኛል። የቆማችሁበትን ቦታ ተሳስቼ ከሆነም አርሙኝ። የሰማችሁትን ብቻ ጻፉልኝ፣ የመሰላችሁን አትጻፉ። አንድ ቃል ብቻ ከሆነም አንዱን ቃል።

ደብተሩ ላይ ከእሳቸው የመጨረሻ መስመር በታች አንድ መስመር አስምሬያለሁ። የቀኑን ስም ጻፍኩ፣ «ሰባት ስትገባ የተናገሩት» አልኩ። ቀይ እስክሪብቶ ገዝቼ ከፊቱ ባለው ቦታ «ዝግ» ብዬበታለሁ። ከእናንተ አንዳችሁ እስክትነግሩኝ ድረስ እንደዚያው ይቆያል።